ፈሪዋ አህያና ፊታውራሪው

አንድ ንጉሥ ነበረ። በአገሩ መጽሐፍ የሚጻፈው በብራና ላይ ስለነበር አንድ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የብዙ ፍየል ቆዳ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ብራና ላይ የሚሰፍር ቃል ሁሉ ቁም ነገር መሆን አለበት ይባል ነበር።

በዚያው አገር ትርንጎ የምትባል ጸሐፊ ለልጆች የሚሆን የእንስሳት ታሪክ ጻፈች። ታሪኩ የገዛ ጥላዋን እንኳ ስለምትፈራ አንዲት አህያ ነው። መጽሐፉ በአገሩ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ ልጆችም ወደዱት። የሚያስቀው ግን ከልጆቹ ይልቅ ትልልቆቹ ይሻሙበት ጀመር። ዳኛው ይዋሰዋል፣ ነጋዴው ይዋሰዋል፣ የቤተ መንግሥቱ ባለሟልም ይዋሰዋል። ሁሉም ከጋቢው ሥር ሸሽጎ ሲወጣ «ለልጄ ነው» ይላል። ልጅ የሌለውም፣ ልጁን ድሮ የዳረውም ያው «ለልጄ ነው» ነው። መቼም ትልቅ ሰው የአህያ ታሪክ ሲያነብ ከሚታይ ሲሰርቅ ቢያዝ ይመርጣል!

አንድ ቀን የቤተ መንግሥቱ ሊቅ ንጉሡ ፊት ቀረበ።

«ጃንሆይ፣ ውዳሴዎን የምንጽፍበት ብራና አጥሮናል። ይህ የሕፃናት መጫወቻ ግን ያን ሁሉ ቆዳ ይዞ ተቀምጧል። ጽሑፉ ይፋቅና ውዳሴው ይጻፍበት» አለ።

ንጉሡ ጉባኤ ጠራ። ትርንጎን አስቀረበ፤ ብራና ፋቂውንም ከነቢላዋው አጠገቡ አቆመ።

«ልጆች ተረት ከእናቶቻቸው ይሰማሉ» አለ። «ይህን መጽሐፍ ለራሱ የሚፈልግ አንድ ትልቅ ሰው ካለ ይቁም። ከሌለ ይፋቃል።»

ማንም አልቆመም። ታሪኩን በቃሉ የሚያውቀው ዳኛ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ነጋዴው ጉሮሮውን ይጠርጋል። ትርንጎ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሁሉም አንባቢዎቿ ናቸው። የዓመታት ልፋቷ ዓይኗ እያየ ሊጠፋ ነው። እሷ ግን አላለቀሰችም፣ አልለመነችምም።

ፋቂው መጽሐፉን ገልጦ ቢላዋውን ሊያሳርፍ ሲል «እጅህን አንሳ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የተነሣው ስሙ ሲጠራ ጠላት የሚርድለት ፊታውራሪ ደምመላሽ ነበር።

«መጽሐፉን ለራሴ እፈልገዋለሁ» አለ።

ሊቁ ሳቀ። «ፊታውራሪ፣ እርስዎን የመሰለ ጀግና ከአህያ ምን ሊማር ነው?»

«ጃንሆይ» አለ ፊታውራሪው ወደ ንጉሡ ዞሮ፣ «አዝማሪው ሁሉ ፍርሃት የማያውቅ ይለኛል። ውሸቱን ነው። ውጊያ በመጣ ቁጥር ጉልበቴ ይብረከረካል። ፈሪነቴ አንድ ቀን ይታወቅብኛል እያልኩ በሥጋት ኖሬያለሁ። ከዚያ ይህችን አህያ አነበብኳት። ውርንጭላዋን ጎርፍ ሲወስድባት እየተንቀጠቀጠች ውኃው ውስጥ ገባች። ጸሐፊዋ ‹ፍርሃቷ ለቀቃት› አላለችም፤ ‹ከነፍርሃቷ ገባች› ነው ያለችው። ያን ቀን አለቀስኩ። ካነበብኳቸው የሊቃውንት መጻሕፍት አንዱም ይህን አልነገረኝም።»

ከዚህ በኋላ ተቀምጦ የቀረ ሰው ጥቂት ነበር።

ንጉሡ ወደ ትርንጎ ዞረ። «ለመሆኑ ለማን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

ትርንጎ ቀና ብላ መለሰች። «ለልጆች ነው፣ ጃንሆይ። ልጅ ሲዋሹት ቶሎ ይነቃል፤ ስለዚህ እውነቱን ብቻ ጻፍኩ። ትልልቆቹ የመጡት እውነቱ ሸቷቸው ነው።»

ንጉሡ ፋቂውን አሰናበተና መጽሐፉን አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ውዳሴዬ ይቆየኝ» አለ። «መጀመሪያ አህያዋ ከጎርፉ መውጣቷን ልወቅ።»

ወዳጆቼ፣ ጥሩ የልጆች መጽሐፍ የአንባቢውን ዕድሜ አይጠይቅም። የእንስሳት ታሪክ መውደድ ምንም አያሳፍርም፤ የሚወዱት ነገር ሲጠፋ ጣሪያ እያዩ ዝም ማለት ግን ያሳፍራል። እኔ በበኩሌ ፀጉሬ ሸብቶም የጦጣና የቀበሮ ታሪክ አነባለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሳነብም ሽፋኑን ለሰው በሚታይበት በኩል አዙሬ ነው። እናንተስ፣ ያሳደጋችሁን ታሪክ በሰው ፊት «የእኔ ነው» ለማለት ትደፍራላችሁ?