የደብሪቱ ገመድ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ድሮ ነው፤ የአያቴ አያት ገና ጥርስ ሳታበቅል፣ ዛሬ ባሕር ዛፍ የሞላው ተራራ በወይራና በጽድ ተሸፍኖ ሳለ ነው።

ያን ጊዜ ቀጨማ በምትባል መንደር ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ከሩቅ አገር የመጣች መጻተኛ ናት። መሬት የላትም፤ ከብት የላትም። ያላት ማንም የማይፈልገው ሥራ ነበር፤ ገበያ ሲበተን ሜዳውን መጥረግ፣ ጥራጊውን ወስዶ መድፋት። ጥቂት ጠራጊዎችም አብረዋት ነበሩ። ደብሪቱ ስትጠርግ ትዘፍናለች። ሳቋ ከገበያው ማዶ ይሰማል። ሰው ጥራጊዋን ቢጸየፍ እንኳ ሳቋን ይወድ ነበር።

መጀመሪያ የሆነው የእግር ነገር ነው። በጥራጊው ውስጥ የማይገኝ አልነበረም፤ የተሰበረ ገንቦ፣ የከብት ቀንድ፣ እሾህ፣ አመድ ውስጥ የተዳፈነ ፍም። ጠራጊዎቹ በባዶ እግራቸው ይገቡበታል። ገሉ ይቆርጣቸዋል፤ ፍሙ ያቃጥላቸዋል። ቁስሉ ያመረቅዛል፤ እያነከሱ ይጠርጋሉ። ዕድላችን ነው ይላሉ። ደብሪቱ ግን ዕድል ነው አላለችም። ቆዳ አልፊዎች የጣሉትን ቁርጥራጭ ለቀመች፤ በጅማት ሰፋች፤ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ እጇን እስከ አንጓዋ አለበሰች። አመዱንም ውኃ ሳታርከፈክፍበት አታነሳም ነበር።

ገበያተኛው ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ጓንጉል የሚባል ጠራጊ ነው፤ ጉልበተኛና ቀልደኛ ሰው። የጥራጊ እመቤት መጣች እያለ እጅ ይነሳታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ እየሳቀችም ለየጠራጊው እየለካች ትሰፋለች። ክረምቱ ሲወጣ የሚያነክስ ጠራጊ ጠፋ። አንድ ማለዳ ጓንጉል መጣና እግሩን ዘርግቶ ፊቷ ተቀመጠ።  እሷም ቆዳዋን አንስታ ለካችው።

ቀጥሎ የምንጩ ነገር መጣ። ጥራጊው የሚደፋው ከምንጩ በላይ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ እድፉ ይወርዳል፤ ውኃው ይሸታል፤ ሕፃናት ሆዳቸውን ይታመማሉ። ደብሪቱ የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄዳ መድፊያው ከምንጩ በታች ይዙር፣ ጉድጓድም ይቆፈርለት ብላ ለመነች። ጭቃ ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብቻ መንገዱ ይርቃል፣ ማን ይሸከመዋል አላት። እኔ እሸከመዋለሁ አለች። ተሸከመችም። ቅርጫቷን ሞልታ ትወርዳለች፤ ባዶውን ይዛ ትወጣለች። ትወርዳለች፤ ትወጣለች። ስትወርድም ስትወጣም ትዘፍናለች። ውኃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች መጀመሪያ ቆመው አዩአት። ቀጥለው ዘፈኑን ተቀበሏት። ዘፈን የተቀበለ ሰው ደግሞ እጁን አጣጥፎ አይቆምም፤ እንስራቸውን አስቀምጠው ቅርጫት አነሱ። ወንዶቹም አፈሩና ዶማ ይዘው መጡ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ አፉን በእንጨት ከደኑ። ምንጩም ጠራ፤ ከሥሩ ያለው ጠጠር እስኪቆጠር ድረስ ጠራ።

ሦስተኛው ግን የሞትና የሕይወት ነገር ነው።

ጉድጓድ ውስጥ የከረመው ጥራጊ በስብሶ ጥቁር አፈር ይሆናል። ገበሬው ለነጭ ሽንኩርት መደቡ ይፈልገዋል። ስለዚህ በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ጉድጓዱ ይከፈታል፤ ሰው ወርዶ አፈሩን ያወጣል። ደብሪቱ ክዳኑ በማለዳ ተነሥቶ ጉድጓዱ ንፋስ ሳያገኝ አታስወርድም። ወገቡ ላይ ገመድ ያልታሰረ ሰውም አታስወርድም። የገመዱን ጫፍ የያዘ ሰው ዓይኑን ከጉድጓዱ እንዳያነሳ ታስጠነቅቃለች። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም ነበር። በተወለደችበት አገር ወንድሟ እህል ሊያወጣ ጉድጓድ ወርዶ ታፍኗል፤ አባቷም ልጄን አድናለሁ ብሎ ተከትሎት ወርዷል። ሁለቱም አልወጡም።

አንድ ዓመት ጉድጓዱ በተከፈተ ዕለት ወራጁ ጓንጉል ነበር። ገመዱን ሲያይ ሳቀ።

“እኔ ፍየል ነኝ እንዴ የምታስሪኝ?”

“ለፍየል እንኳ ገመድ አይነፈግም፤” አለችው፤ “አንተማ ሰው ነህ።”

ታሰረና ወረደ። እሱ ቅርጫት ይሞላል፤ እነሱ ይስባሉ። እሱ ይቀልዳል፤ እነሱ ይስቃሉ። ወደ ታች ጠልቆ ሲቆፍር ከሥር ታፍኖ የኖረው ክፉ አየር ወጣ። ቀልዱ ተቋረጠ። ደብሪቱ ጠራችው፤ ዝም አለ። ደግማ ጠራችው፤ ዝም አለ።

ቢተው የሚባል ወንድሙ እዚያው ቆሞ ነበር። ጋቢውን ጥሎ ሊዘል ሲል ደብሪቱ ወገቡን ጥምጥም አድርጋ ያዘችው። የአባቷ ጀርባ ጉድጓድ ሲገባ ይታያታል። ክንዷ ግን አልላላም።

“አባቴን የቀበርሁት እንዲህ ነው፤” አለችው። “ከወረድህ ሁለት እንቀብራለን። ገመዱን ሳብ።”

ቢተው ገመዱን ያዘ። ሁሉም ያዙ። ደብሪቱ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ዘፈኗን አወጣች፤ እነሱ ተቀበሏት። በተቀበሉ ቁጥር ሳቡ። ጓንጉል ፊቱ አመድ መስሎ ወጣ። ጥላ ሥር አስተኙት፤ በነጠላ አራገቡለት፤ ውኃ ረጩበት። ቆይቶ ቆይቶ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ሳበ። ዓይኑን ሲገልጥ ሰው ሁሉ ያለቅሳል።

“ምነው፣ ፍየሏ ሞተች እንዴ?” አለ።

የዚያን ዕለት የተሳቀውን ሳቅ ሽማግሌዎች እስከ ዘመናቸው ፍጻሜ ያወሩት ነበር። ደብሪቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ስትስቅ ስትስቅ አለቀሰች፤ ለአባቷና ለወንድሟ አምቃ የኖረችውን አለቀሰችና ቀለላት። ጭቃ ሹሙ ሙክት አረደ። ያችን መጻተኛ፣ ያችን ጥራጊ ደፊ፣ በቀኙ አስቀመጣት። ጓንጉል ራሱ እጇን አስታጠባት።

ደብሪቱ በመልካም ሽምግልና ሞተች። በቀጨማ ግን እስከ ዛሬ ጉድጓድ ሲከፈት ወራጁ ዝም ብሎ አይወርድም። አፋፉ ላይ ቆሞ፣ “ገመዴን ማን ያዘ?” ይላል። ከላይ ያለውም የራሱን ስም አይጠራም፤ “ደብሪቱ ይዛለች” ይለዋል። ያን ሳይሰማ የሚወርድ የለም። ልጅ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ ሙሽራ ስትሸኝ፣ የቀጨማ እናቶች የሚመርቁት እንዲህ ነው፤ “ሂዱ፤ ገመዳችሁን ደብሪቱ ትያዝላችሁ።”