አልማዙ ፊታውራሪና አንጥረኛው

አድማጭ ሆይ፣ ይህን ነገር ብዙዎች አዛብተው ያወሩታልና አንድም ቃል ሳታስቀር ስማ፤ የፊታውራሪው ቀለበት የወርቅ፣ ፈርጡም አልማዝ ነበር፤ የተጠራውም ብረት ቀጥቃጭ ሳይሆን ወርቅ አንጥረኛ ነበር።

ፊታውራሪ ደባልቄ ባላገሩ «ይማሩን» ሲላቸው «እኔ አልማዝ ነኝ» እያሉ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። ታዲያ አንጥረኛው ምላሰኛ መሆኑን ሰምተው ኖሮ፣ ቀለበታቸውን ጠግኖ ሲያመጣ በችሎት ፊት አቆሙት።

«አንተ ጥላሸታም! አልማዝ ስለ ምን ጠነከረ? ከዚህስ በላይ ሊጠነክር ይችላል? መልሱን ካጣኸው ወናፍህን ተሸክመህ ካገሬ ትወጣለህ!»

አንጥረኛው ወጥመዱን አየ። «ይችላል» ቢል ጌታው ገና አልጠነከሩም ማለቱ ነው፤ «አይችልም» ቢል ለኃይላቸው ወሰን ማበጀቱ ነው። ቤቱንና ልጆቹን አሰበና እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ቀለበቱን የሸጠልዎ ነጋዴ ራሱ እንደመሰከረው፣ አልማዝ የከሰል ዘመድ ነው። የጠነከረውም ከበታች ሆኖ ዘመን ሙሉ ስለ ተጫኑት ነው። እርስዎ ግን ማንም ሳይጫንዎ፣ እላይ እንደ ተቀመጡ ይህን ያህል ከጠነከሩ፣ ከታች ቢሆኑማ ማን ይችልዎታል! ይፍቀዱልኝና ለአንድ ክረምት ቦታ እንለዋወጥ፤ እርስዎ ወናፉን ይያዙ፣ እኔም ከወንበርዎ ላይ ሆኜ አጥብቄ ልጫንዎ።»

ችሎቱ በሙሉ ሳቁን ሊሸሽግ ነጠላውን ወደ አፉ ወሰደ።

ፊታውራሪው መልሱን ተቀበሉ፤ አንጥረኛውም በአገሩ እንዲኖር ፈቀዱ። ቦታ መለዋወጡን ግን አልተቀበሉም።