የኪሮስ ጫማ በሸክላው ውስጥ

በአንድ ወቅት፣ አዲስ አበባ ለቅዳሜ ከሰዓት ጫማዋን ታስቦርሽ በነበረበት ዘመን፣ አሥራ ስምንት ሰዎች ያሉት ኦርኬስትራ ነበር። ስሙ የንጋት ኮከብ። ከፊት ሳክስፎኖች፣ ከኋላቸው ትሮምቦኖች፣ ከሁሉም ኋላ ትሩምፔቶች። ስዊንግ የሚባለውን የውጭ የጭፈራ ጃዝ ከወረቀት እያነበቡ፣ የአገሩን ዜማ ደግሞ በስዊንግ እያወዛወዙ ያስጨፍሩ ነበር። አንድ ሸክላ አስቀረጹ። አንድ ብቻ። ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ፤ ኦርኬስትራው ተበተነ፤ ሰዎቹም አንድ በአንድ አለቁ።

አንዱ ቀረ። ጋሽ ላቀው።

ጋሽ ላቀው ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ሠራተኛ ሰፈር ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። ግራ ጆሮው ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም እየሄደ ነው። ሐኪሙ "ከክረምቱ በኋላ አላውቅም" ብሎታል። አልጋው ሥር ያለችው ትሩምፔት የእሱ አይደለችም። የእሱን በክፉ ቀን ሸጧታል። ይቺ የኪሮስ ናት።

ኪሮስ ከላቀው አጠገብ የሚቀመጥ ሁለተኛ ትሩምፔት ነበር፤ ብቻውን ተነሥቶ ተጫውቶ አያውቅም። ብቻውን የሚነሣው ላቀው ነው። ግን ላቀው አንድ ጉድ ነበረበት፤ ምት መቁጠር አይችልም። ሙዚቃው ሲሞቅ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠፋል። ስለዚህ ኪሮስ ይቆጥርለት ነበር። ተራው ሲደርስ በጫማው ጫፍ የላቀውን ወንበር እግር ይመታል። ኳ! ላቀው ይነሣል። አዳራሹ ያብዳል። ጭብጨባው ለላቀው ነው፤ ኪሮስ ወረቀቱን ይገልጣል።

ያቺ ኳ በሸክላው ላይም ገብታለች።

ኪሮስ ሊሞት ሲል ትሩምፔቱን ለላቀው ሰጠው። "አንተም ስትደክም ለሰው ስጣት" አለው። "ሣጥን ውስጥ እንዳትቀብራት፤ አደራ።"

እንግዲህ ሦስት እህትና ወንድሞች መጡ። ሲራክ፣ አርሴማ፣ ዮናታን። አንድ ቤት አድገው ሦስት መደርደሪያ የተከፋፈሉ፣ አንዱ የሌላውን ሸክላ የማያስነካ ናቸው። የድሮ ትልልቅ ኦርኬስትራዎችን እንደገና የታተሙ ሸክላዎች ይሰበስባሉ። የአሜሪካ አለ፣ የአውሮፓ አለ፤ ገና ላስቲኩ ያልተቀደደም አለ። አዲስ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ካርቶኑን ያሸታሉ። ጋሽ ላቀው ያንን ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። የሰው ቡት ጫማ የሚያሸት ሰው እንዳየ ያህል።

ሦስቱም ትሩምፔቷን ከመደርደሪያቸው አናት ላይ ለማቆም ቋምጠዋል።

"የኛን ሸክላ እንደነበረ ያሰማኝ ይውሰዳት" አላቸው። ስለ ኳ ግን ትንፍሽ አላለም። ስድሳ ዓመት የደበቀውን፣ መቁጠር አለመቻሉን፣ ለነዚህ ካርቶን አሽታቾች ይናገር?

ሲራክ ሽታ የሚከተል ሰው ነው። ያልሄደበት ቤት፣ ያላንኳኳው በር የለም። በመጨረሻ ጉለሌ፣ የኪሮስ እህት እትዬ አመለወርቅ ቤት ደረሰ። ሸክላው የውሃ እንስራ ክዳን ሆኗል፤ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል፤ የአይጥ ሽንት ይሸታል።

"ውይ እማማ! ይሄ ነገር መርዝ አለው። ውሃውን እኮ ይበክላል!"

"የወንድሜ ነው፤ እንዴት መርዝ ይሆናል?"

"ሐኪም ይጠይቁ።"

የፕላስቲክ ክዳን ሰጥቷት ሸክላውን በብብቱ ይዞ ወጣ። አሮጊቷ እስከ በሩ እየመረቀች ሸኘችው። ይህን ራሱ ሲራክ ለጋሽ ላቀው እየሳቀ አወራለት።

አርሴማ ባለሙያ እጅ ያላት ናት። ሁለት ወር ሙሉ ሸክላውን በጥጥ አጠበች። ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ገልብጣ እያንዳንዱን ጭረት፣ እያንዳንዱን ፍንጣቂ ለቅማ አወጣች። ከትሩምፔቱ በፊት አንድ ነገር ኳ ሲል ሰማች። ሸክላው እዚህ ጋ ተጋጭቷል ብላ አወጣችው። ያወጣችውን ሁሉ ግን አልጣለችም። "ቆሻሻ" ብላ ሰይማ ለብቻው አስቀመጠችው።

ዮናታን ነገር ጨራሽ ነው። የታጠበውን ድምፅ ውጭ አገር ልኮ አዲስ ሸክላ አሳተመ። የኦርኬስትራው ፎቶ ስለጠፋ፣ ፊታቸው በጥላ የተሸፈነ ሌሎች ነፊዎችን ሽፋኑ ላይ ለጠፈ። በጀርባው የአሥራ ስምንቱን ሰዎች ስም ደረደረ። አሮጌውን ሸክላ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳያሳትመው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለሁለት ሰበረው።

ምረቃው እሑድ ከሰዓት በአንድ ሆቴል ነበር። ጋሽ ላቀውን ከፊት አስቀመጡት። ሰዎች ሸክላውን እያገላበጡ "ንጹህ! ንጹህ!" ይላሉ። አጠገቡ ያለው ሰውዬ አፉ በቁርጥ ሞልቶ "ነፍስ አለው" አለው። ሚጥሚጣው የጋሽ ላቀው ጉንጭ ላይ አረፈ።

መርፌዋ ወረደች። ሳክስፎኖቹ ገቡ። ትሮምቦኖቹ መለሱ። ጋሽ ላቀው ቀኝ ጆሮውን አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

ትሩምፔቱ ገባ።

"ማነው ይሄ?" አለ።

"እርስዎ ነዎታ ጋሼ!" አለች አርሴማ።

"እኔ አይደለሁም። ማን ቀስቅሶት ተነሣ?"

ሳቁ። ሽማግሌ ነው፣ ደስታ አደናገረው አሉ። እሱ ግን አፉ ውስጥ መራራ ውሃ ሞላበት። ታጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ከረባት የታሰረለት ሬሳ መሰለው። ሬሳው ደግሞ ራሱ ነው። መሐረቡን አውጥቶ ተፋ።

በማግስቱ ሦስቱ ቤቱ መጡ። ያን ጊዜ ነገራቸው። ስለ ምቱ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ወንበሩ እግር። እየነገራቸው ራሱንም ተጸየፈ። ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ኳን ማን ያወጣት ነበር?

"አሮጌውን አምጡልኝ።"

ዮናታን መሬት መሬት አየ። ሲራክ ነገረው።

"ሰበርከው? የሰው ክዳን ዋሽታችሁ ወስዳችሁ፣ ሰበርከው?"

አርሴማ ኮምፒውተሯን ከፈተች። "ጋሼ፣ ያወጣሁት አለ።" ማዳመጫውን ቀኝ ጆሮው ላይ አደረገችለት።

ሙዚቃ የለም። ዘይት ላይ የወደቀ ሽንኩርት ዓይነት ጭርጭርታ ብቻ። ረጅም፣ የሚያሳክክ። እንስራው፣ አይጡ፣ ስድሳ ዓመቱ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ያለ ይመስላል። ከዚያ፦

ኳ!

ጋሽ ላቀው ተነሥቶ ቆመ። መቼ እንደተነሣ አላወቀም። ከንፈሩ ተጨምቋል፤ ሦስቱ ጣቶቹ አየር ላይ ታጥፈዋል።

ሲቀመጥ ትሩምፔቷን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ሦስቱም አዩዋት።

"እኔ ባላገኘው ምን ታጥቡ ነበር? ምንስ ታትሙ ነበር?" አለ ሲራክ።

"ኳን ለጋሼ ያሰማሁት እኔ ነኝ" አለች አርሴማ።

"አንቺ ራስሽ አውጥተሻት! ለመሆኑ ቆሻሻውን ለምን አስቀመጥሽው?" አላት ጋሽ ላቀው።

ዋሽታ አታውቅም። "ስንት እንዳወጣሁ ለሰው ላሳይ ብዬ።"

ዮናታን ሸክላውን ገልብጦ ጀርባውን አሳየ። ከታች፣ አሥራ አንደኛው መስመር ላይ "ኪሮስ ወልደአብ፣ ሁለተኛ ትሩምፔት" ይላል። "የጋሽ ኪሮስ ስም በሕይወት ሳሉ ታትሞ ያውቃል? ትናንት አንዷን ለእህታቸው ወስጄላቸው ነበር። ስሙን በጣታቸው እየዳሰሱ አለቀሱ።"

"ስሞቹን ለምን ጻፍካቸው?"

ዮናታን ጭንቅላቱን አከከ። "ጀርባው ባዶ ሆነብኛ።"

ጋሽ ላቀው ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። አዛኝቷን፣ አለ በልቡ፣ አንድ ንጹህ እጅ አይኖርም? የራሱን እጅ አየ፤ የኪሮስን ጭብጨባ ሲቀበል የኖረ እጅ።

ለማንም አልሰጥም እንዳይል የኪሮስ አደራ አለ። ይቆይ እንዳይል፣ ደጅ ላይ የሰኔ ደመና ተጭኗል፤ ጆሮውም እየሄደ ነው። ቃሉም ቃል ነው፤ ሸክላውን እንደነበረ ያሰማኝ ይውሰዳት ብሏል። ግማሹ ታጥቦ በአዲሱ ሸክላ ውስጥ አለ፤ ግማሹ "ቆሻሻ" በተባለው ውስጥ አለ፤ ሁለቱም የመጡት ከእትዬ አመለወርቅ እንስራ ነው።

ሦስት እጆች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። አሮጊቷን ዋሽቶ ሸክላውን ከአይጥ ያወጣው እጅ፤ ኪሮስን ከዜማው ነቅሎ ሳያውቅ ያተረፈው እጅ፤ ማስረጃውን ሰብሮ ባዶ ቦታ ለመሙላት ሲል የኪሮስን ስም ያሳተመው እጅ።

ጋሽ ላቀው ትሩምፔቷን አነሣ። ለማን ይዘርጋት? እናንተ ከአጠገቡ ተቀምጣችሁ ብትቆጥሩለት፣ ከሦስቱ በማን ተራ ላይ የወንበሩን እግር ትመቱለታላችሁ?