የአንጓች ስንጥቅ ማሰሮዎች

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

ምነው ድምፃችሁ ቀጠነ? ራት አልበላችሁም እንዴ? እንደገና፤ ተረት ተረት።

«የመሰረት!»

እንዲያ ነው።

በድሮ ጊዜ ወርቅ የሚወድ አንድ ንጉሥ ነበረ። በደጃፉ ሦስት የወርቅ ገንዳዎች አስቀመጠ። አትክልተኛውን ተገኘን ጠርቶ፣ «አበባ ትከልባቸው። ወርቄን የቧጠጠ ግን እጁ ይቆረጣል» አለው።

ተገኘ ተከለ፤ አበባው በሰበሰ። ደግሞ ተከለ፤ በሰበሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ተከለ፤ አሁንም በሰበሰ። ንጉሡ ተቆጣ። «እስከ እንቁጣጣሽ ደጃፌ ካላበበ ትሰቀላለህ» ብሎ በእግር ብረት አሰረው።

ተገኘ አንጓች የምትባል ታናሽ እህት ነበረችው። እናት አባት የላቸውም፤ ያላት እሱ ብቻ ነው። እኔ ብሆን ደጁ ላይ ተዘርግቼ አለቅስ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አደግድጋ ንጉሡ ፊት ቆመች። እንዴት ያለች ደፋር መሰለቻችሁ።

«ጃንሆይ፣ በገንዳዎ አበባ ባበቅል ወንድሜን ይፈቱልኛል?»

«እፈታዋለሁ» አለ ንጉሡ። «ወርቄን እንዳትቧጥጪ ብቻ።»

አንጓች ወደ ገንዳው ጎንበስ ብትል ውሃው ቆሞ ይሸታል። ውስጡ አንዲት እንቁራሪት ትፍጨረጨራለች። ወርቁ እያዳለጣት መውጣት አቅቷታል። አንጓች በእጇ አፍሳ አወጣቻት።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ሦስት ነገር ጠይቂኝ» አለች እንቁራሪቷ። አዎ፣ ተናገረች። ምን ያስቃችኋል? ያኔ እንቁራሪት ትናገር ነበር።

«አበባው ለምን ይበሰብሳል?»

«ወርቁ ቀዳዳ የለውም። ውሃው መውጫ ሲያጣ ሥሩ ይሰጥማል። ከማድ ቤቱ ጀርባ የተጣለ ስንጥቅ ማሰሮ አለ፤ በእሱ ትከዪ።»

«አፈሩስ?»

«ከሥር ገል ደርድሪ። በላዩ የደቀቀ ፋንድያ ከአፈር ጋር ለውሰሽ ጨምሪ።»

«ምን ልትከል?»

«ረጅሙን ከመሃል፣ ቁጥቋጦውን ከዙሪያው፣ ሐረጉን ከአፉ ጠርዝ። ስትጨርሺ ጥሪኝ።»

እንግዲህ አንጓችን እዩልኝ። ሦስት ስንጥቅ ማሰሮ ከቆሻሻው ውስጥ አወጣች። የተሰበረ እንስራ ለቅማ ገሉን ደረደረች። በደጁ ከታሰሩት በቅሎዎች ሥር ፋንድያ ስትዝቅ ባለሟሎቹ አፍንጫቸውን ያዙ፤ ጉዳይዋም አልነበረም። ከጎረቤት አጥር የጽጌረዳ ቅርንጫፍና ጤና አዳም ለመነች፤ ከወንዝ ዳር ሐረግ ነቅላ መጣች። አንዲት አሞሌ ጨው እንኳ አላወጣችም። ከዚያ ማሰሮዎቹን በወርቁ ገንዳዎች ውስጥ፣ በድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋ አስቀመጠች። ከውጭ የሚታየው ወርቁ ብቻ ነው። ወርቁንም ጫፉን አልቧጠጠችው።

እንቁራሪቷን ጠራቻት። እንቁራሪቷ መጥታ አንዴ እፍ አለች፤ ጽጌረዳው ቀጥ ብሎ አደገ። ሁለቴ እፍ አለች፤ ጤና አዳሙ ዙሪያውን ሞላ። ሦስቴ እፍ ስትል ሐረጉ ከነአበባው እስከ መሬት ወረደ።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። ሕዝቡ ደጃፉን አይቶ እጁን ባፉ ጫነ።

«ጃንሆይ፣ እንግዲህ ወንድሜን» አለች አንጓች።

ንጉሡ ጢሙን እያሻሸ፣ «አበባው የበቀለው በእኔ ወርቅ ነው። አንቺ ምን አደረግሽ? ወንድምሽ ነገ ይሰቀላል» አለ። ዓይን አውጣ!

አንጓች አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ማሰሮ ከነአበባው አወጣች። ሁለተኛውን አወጣች። ሦስተኛውንም አወጣች። በሕዝቡ ፊት ደርድራ፣ «ወርቅዎ ይኸውልዎ ጃንሆይ፤ አንዲት ጭረት የለበትም። እስቲ ያብብልዎ» አለች።

ሕዝቡ ባዶዎቹን ገንዳዎች አየ። ጥቀርሻ የጠገቡትን ማሰሮዎች አየ። አንድ ሽማግሌ ሳቁን ሊይዝ ሞከረና አመለጠው፤ ከዚያ ደጁ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ንጉሡን ላብ አጠመቀው።

«መልሺው» አለ ቀስ ብሎ።

«ወንድሜን ይመልሱልኝ፤ እመልሳለሁ።»

የእግር ብረቱ ያኔውኑ ተፈታ። ተገኘ ሲወጣ ያንን ሁሉ አበባ ዞሮም አላየው። እስከ ክርኗ ጭቃ የሆነውን የእህቱን እጅ ይዞ ሳመው። አንጓችም ቃሏን ጠብቃ ማሰሮዎቹን ወደ ገንዳዎቹ መለሰች። እንቁራሪቷም ከማሰሮው ሥር ባለው ድንጋይ ቤቷን ሠራች፤ አሁን በሐረጉ መውጫም መግቢያም አላት።

አያችሁ ልጆች፣ ደጅን የሚያሳምረው የሚተክለው እጅ ነው፤ ወርቅ ብቻውን አያብብም። ስንጥቅ ማሰሮም አትጣሉ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ካለቀ በበቆሎም ቢሆን አፌን አብሱ።