ሳታብብ የተነቀለችው ቀበሪቾ

ሥር ማለት ተክል አፈር ውስጥ የሚያኖረው የሰውነቱ ክፍል ነው። ውሃ ይጠጣበታል፤ ነፋስ ሲመጣም ይቆምበታል። ሥሩ የተነቀለ ተክል ይሞታል። ይህን ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ነገር እንዲህ ዘርዝሬ የምነግራችሁ፣ አሁን ታሪኩን የምትሰሙት ዶማ ስላላወቀው ነው። እናንተ ዐውቃችሁ ስሙኝ።

አውሬውም ዕቃውም ከሰው እኩል በሚናገርበት ዘመን፣ አንድ ሰፊ መስክ ላይ ቀበሪቾዎች ይኖሩ ነበር። ቅጠላቸው እሾኻም፣ አበባቸው ድቡልቡል፣ ሥራቸው ወፍራም ነው። ሥሩ ገል ላይ ከፍም ጋር ሲጨስ ራሱን ያመመው ይታጠነዋል፤ የአራስ ቤት ይታጠንበታል፤ እባብ ደግሞ ያ ጭስ በሸተተበት ደጅ አያልፍም።

አገሬው ደንብ ነበረው። የምትቆፈረው አበባዋ ደርቆ ፍሬ የያዘች ቀበሪቾ ብቻ ናት። ቆፋሪው ደረቁን አናት ጉድጓዱ ላይ ያራግፋል፤ አፈሩን ይመልሳል። እሷ ትሄዳለች፤ ልጆቿ ይበቅላሉ።

በታኅሣሥ አያ ወንድይራድ የሚባል ገበሬ ዶማውን ተሸክሞ መጣ።

"ምን ፈለጋችሁ?" አለች ከመስኩ መካከል አንዲት ለጋ ቀበሪቾ።

"የጌታዬ ሚስት፣ ወይዘሮ እንጉዳይ፣ ወልዳለች" አለ ዶማ።

"እንኳን ማርያም ማረቻት! በሉ፣ ያችን የደረቀችውን አክስቴን ውሰዱ። ማራገፉን እንዳትረሱ።"

ቆፈሩ፤ አራገፉ፤ ሄዱ።

በጥር ደግሞ መጡ።

"አሁንስ ምን ፈለጋችሁ?"

"ጌታዬን ራሱን አሞታል። ትናንት ሠርግ ነበር።"

"ያማ በሽታ አይደለም፣ ጠላ ነው" አለች። "ይሁን፣ ያችን ደረቋን ውሰዱ። አራግፉ።"

"ቸኩለናል" አለ ዶማ። ሳያራግፉ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አያ ወንድይራድ እየተመላለሰ ደረቅ ደረቋን ቆፈረ፤ ሲያስነጥሰው አጨሰ። ክፉ ሕልም ሲያይ አጨሰ። የማይወደው እንግዳ ሲወጣለት አጨሰ። ጭሱ ከቤቱ ማዶ ባለው ኩይሳ የሚኖረውን እባብ ዕንቅልፍ ነሣው። እባቡ ሐምሌ እስኪገባ ታገሠ። ነፋሱ ወደ ሌላ በኩል የዞረ ዕለት፣ ከጓሮ ግድግዳ ተደግፎ ወደቆመው ዶማ ተሳበ።

"ጋሽ ዶማ፣ ይህ ሁሉ መመላለስ ለምን? በአንድ ቀን ሁሉንም ብትነቅሉ ለዕድሜ ልክ አይበቃችሁም?"

"ያላበቡትንም?"

"እነሱን ነው እንጂ! ካበበች እኮ የሥሯ ኃይል ወደ አበባው ይወጣል።"

"ይህን ማን ነገረህ?"

"እኔ በደረቴ መሬት ለመሬት ስሄድ የኖርሁ ነኝ። ሥር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?"

ዶማ ይህን ከባድ ማስረጃ ብሎ ተቀበለው። ለጌታው ነገረ። መመላለስ የታከተው ጌታውም ደስ አለው።

በማግስቱ በዝናብ መጡ። ከዳር ጀምረው ነቀሉ። ደረቅ አናት የለ፣ የሚራገፍ ፍሬ የለ። ሲመሽ የቀረችው ያቺ ለጋ ብቻ ነበረች፤ እምቡጧ ገና አልተፈታም።

"ምን ፈለጋችሁ?" አለች እንደ ልማዷ።

"ምንም" አለ ዶማ። "ለመጠባበቂያ ነው።"

"ማን ታመመ?"

"ማንም።"

"ማን ወለደ?"

"ማንም አልኩሽ።"

በዚህ ጊዜ እሾኋ ሁሉ ቆመ። "አንተ ባለ አንድ ጥርስ! አራስ አለች ስትሉ አክስቴን ሰጠኋችሁ። ጠላችሁን ራስ ምታት ስትሉት እያወቅሁ ዝም አልሁ። ለሁለት ወር ተዉኝና ላብብ፤ ላፍራ፤ ከዚያ ራሴ ኑ እላችኋለሁ። ዘሬ መሬት ሳይነካ ከነቀልኸኝ እዚህ መስክ ላይ ቀበሪቾ የሚባል ነገር አይኖርም። ገባህ? አይኖርም!"

ዶማ ወደ ጌታው አየ።

"ብዙ ታወራለች" አለ አያ ወንድይራድ። ዶማውን አነሣ።

እርጥቡን ሥር ከነጭቃው ጆንያ ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ጆንያውን ማዕዘን ላይ አቆሙት። ደንቡ ደረቅ ይቆፈር የሚለው ለወግ አልነበረም፤ እርጥቡ ይበሰብሳል። በሰበሰ።

በመስከረም እባቡ በዋናው በር ገባ፤ መደቡ ሥር ተጠመጠመ። እንጉዳይ ልጇን ከመደቡ ላይ አፈፍ አድርጋ "ቀበሪቾ አጭሱ!" ብላ ጮኸች። አያ ወንድይራድ ጆንያውን ፈታ፤ እጁ ሻጋታ ውስጥ ገባ።

"እኔ ፍሙን ይዣለሁ" አለ ገል። "ምን ላጭስ?"

"ይህንኑ ሞክር!"

ገል ሞከረ። ጭሱ የረጠበ ገለባ ሸተተ።

"ደስ ይላል" አለ እባቡ። "ትንሽ ጨመር አድርግበት፤ ብርድ ብርድ ብሎኛል።"

እንጉዳይ ከበሩ ላይ ዞራ ባሏን አየችው። "ለማስነጠስ አጨስህ። ለሕልም አጨስህ። ለልጅህ የሚሆን አንዲት ቁራጭ አጣህ?"

"ዶማው ነው እኮ…"

"ዶማው እጅ አለው?"

ወደ እናቷ ቤት ሄደች። እሱ ዶማውን አንሥቶ ወደ መስኩ ሮጠ፤ ከዳር እስከ ዳር ቆፈረ። ያገኘው የቀድሞ ጉድጓዶቹን ብቻ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ እባቡ አይደለም፤ እባብ ቤት ፈልጎ ነበር፣ አገኘ። የሚያናድደኝ፣ ደንቡን የሚያውቀው ሰው "ብዙ ታወራለች" ማለቱ ነው። የሚነቅል ሰው በምትኩ ምን እንደሚተክል አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፤ መልስ ካጣ ዶማውን ያስቀምጥ።

እንጉዳይና ልጇ ደኅና ናቸው። አያ ወንድይራድ ጎረቤት ተጠግቷል። ዶማው ደጅ ዝጓል። እባቡ ቤቱን ወዶታል።