ሁለት ነጥብ ይበቃዋል

በጎልማሶች ትምህርት ክፍል ውስጥ አንዲት ምላሰኛ ልብስ ሰፊ ትማር ነበር። አንድ ቀን የወረዳው ሹም አቶ ልሳነወርቅ ክፍሉን ለመጋዘን ፈልገውት ከነአጃቢዎቻቸው ከች አሉ። ጎልማሶቹ ትምህርት እንደማይገባቸው በሰው ፊት ለማሳየት ሰሌዳው ላይ «ዋይ እኩል ይሆናል ሁለት ኤክስ ሲደመር አንድ» ብለው ጻፉና ሴትዮዋን በጣታቸው ጠሯት።

«ነይ አንቺ! የዚህን መስመር ግራፍ ሥሪ። ከተሳሳትሽ ክፍሉ ዛሬውኑ ይዘጋል!»

ሴትዮዋ ጠመኔውን አነሳች። ኤክስ ዜሮ ሲሆን ዋይ አንድ፣ ኤክስ ሁለት ሲሆን ዋይ አምስት ብላ ሁለት ነጥብ አስቀመጠች። ከዚያም ጨርቅ ላይ እንደለመደችው በማስመሪያ ቀጥ አድርጋ አገናኘቻቸው።

ሹሙ ስህተት ፈልገው ፈልገው ሲያጡ ተቆጡ።

«በሁለት ነጥብ ብቻ? እኔ በተማሪነቴ አሥር ነጥብ ሳላስቀምጥ መስመር አስምሬ አላውቅም!»

ሴትዮዋ የጠመኔውን ብናኝ ከእጇ አራገፈች።

«ጌታዬ፣ ቀጥተኛ ከሆነ ሁለት ነጥብ ይበቃዋል። አሥር የሚያስፈልገው ለጠማማ ነው።»

አጃቢዎቹ ሳይቀሩ በሳቅ ፈነዱ። አቶ ልሳነወርቅም ሌላ መጋዘን ፍለጋ ወጡ።