ቀጭኑ ፑንታ አልጽፍም ያለ ዕለት

ተረት ተረት! «የላም በረት» አትበሉኝ፤ በእኛ ሰፈር ላም የለም፣ ያለው የትርንጎ ማሽን ነው። «የማሽን ጩኸት» በሉኝ። እንዲያ!

ትርንጎ እዚሁ ኮምቦልቻ ጎረቤቴ ናት። ከጓዳዋ አጠገብ ባለች ክፍል፣ ኮምፒውተር የሚመራው እንጨት ቀራጭ ማሽን አላት። ማሽኑ ትንሽ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። እኔ የለኝም። ቀናሽ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ቀናሁ፤ ታዲያ ምን ይጠበስ!

የዚያን ዕለት ትርንጎ የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ በዋንዛ ሣጥን ክዳን ላይ «ማስተዋል» ብሎ መጻፍ። ማስተዋል ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ ናት። ከምሳ በኋላ ሙሽራው መጥቶ ይወስዳታል። የሙሽራው እናት ደግሞ ጎማ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ሻንጣ ልካለች።

«የሴትዮዋ ሻንጣ እየተንከባለለ ሊሄድ፣ የእኔ ሣጥን ስም እንኳ አጥቶ ሊቀር? እንዴት ተደርጎ!» አለች ትርንጎ። ቅናት አቃጠላት።

ወፍራሙ ፑንታ፣ ማለት እንጨቱን የሚቆፍረው ብረት፣ በክዳኑ ዙሪያ ሐረግ ቀርጾ ጨርሷል። ስም መጻፍ ግን የቀጭኑ ፑንታ ሥራ ነው። ትርንጎ ወፍራሙን ፈታች፣ ቀጭኑን አሰረች፣ ተቻኩላ ማሽኑን አስነሳች። ወፍራሙ ረጅም ነው፣ ቀጭኑ አጭር ነው። ማሽን ምን ያውቃል! ያንኑ የወፍራሙን ቁመት እንደያዘ ቀረ። ቀጭኑም ከክዳኑ በላይ ዞረ፣ ነፋስ ቀረጸ፣ ቆመ።

«ጻፍ እንጂ!» አለችው።

«አልጽፍም! ወፍራሙ ሲታሰር ቁመቱን ለክተሽለታል። እኔ የእንጀራ ልጅ ነኝ?»

«እሺ፣ በዓይኔ ገምቼ ዝቅ ላድርግህ።»

«እሱ በልክ፣ እኔ በግምት? ክዳንሽን በስቼ፣ እኔም ተሰብሬ እንገላገላለን!»

ሌላ ዋንዛ የለም፣ ክዳኑ አንድ ነው። ትርንጎ እጇን ሰበሰበች። ፑንታ ስም አልጽፍ አለ፤ ማስተዋልም ልትሄድ ነው።

የፑንታን ልክ የሚናገረው ላሜራው፣ ማለት ስሱ የብረት ቁራጭ ነው። እንጨቱ ላይ ይቀመጣል፤ ፑንታው ቀስ ብሎ ወርዶ ሲነካው ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ማሽኑም «እንጨቱ እዚህ ነው ለካ!» ይላል።

«ላሜራ፣ ላሜራ፣ ልኩን ንገርልኝ» አለች ትርንጎ። «ፑንታ ስም አልጽፍ አለ፤ ማስተዋልም ልትሄድ ነው።»

«አልናገርም!» አለ ላሜራ። «ከፑንታው ጋር የምታገናኘኝ ቆንጣጯ ናት። ሥራው ሲያምር ‹ጎበዝ ቆንጣጭ›፣ ሲበላሽ ‹ደንቆሮ ላሜራ›! ምስጋናው ለእሷ፣ ስድቡ ለእኔ። መጀመሪያ እሷ ትንከስ።»

ቆንጣጯ በሽቦ ጫፍ ያለች፣ ሁለት ጥርስ ያላት መቆንጠጫ ናት። ትርንጎ ከሚስማሩ ላይ አወረደቻት። ጥርሷ በማሽኑ ቅባት ግራሶ በግራሶ ሆኗል።

«ቆንጣጭ፣ ቆንጣጭ፣ ፑንታውን ንከሺልኝ። ላሜራ ልክ አልናገር አለ፤ ፑንታ ስም አልጽፍ አለ፤ ማስተዋልም ልትሄድ ነው።»

«አልነክስም!» አለች ቆንጣጭ። «ላሜራ በየጠዋቱ ተወልውሎ ለስላሳ ካርቶን ውስጥ ይተኛል፤ እኔ ሚስማር ላይ ተሰቅዬ አድራለሁ። ግራሶ በጥርሴ ይዤ ማንንም አላገናኝም። እኔም ልወልወል!»

ትርንጎ ወደ ጨርቁ ሮጠች። «ጨርቅ፣ ጨርቅ፣ ቆንጣጯን ወልውልልኝ። ቆንጣጭ ፑንታ አልነክስ አለች፤ ላሜራ ልክ አልናገር አለ፤ ፑንታ ስም አልጽፍ አለ፤ ማስተዋልም ልትሄድ ነው።»

«አልወለውልም!» አለ ጨርቅ። «ግራሶ በደረቁ ይለቃል? ባልሽ ጋ ያለውን ያንን ነጭ ጨርቅ አይተሽልኛል? በነጭ ጋዝ እየራሰ፣ የስፌት መኪና እየዳሰሰ ይውላል። እሱ ከእኔ በምን ይበልጣል? እኔም ጋዝ ልጠጣ!»

የትርንጎ ባል አሰጋኸኝ ልብስ ሰፊ ነው፤ በረንዳው ላይ ይሰፋል። የጋዙ ጠርሙስ ከእግሩ ሥር ነው። ትርንጎ ባሏን «እንዴት ነህ» ሳትል በቀጥታ ወደ ጠርሙሱ አጎነበሰች።

«ጋዝ፣ ጋዝ፣ ጨርቁን አርስልኝ። ጨርቅ ቆንጣጭ አልወለውል አለ፤ ቆንጣጭ ፑንታ አልነክስ አለች፤ ላሜራ ልክ አልናገር አለ፤ ፑንታ ስም አልጽፍ አለ፤ ማስተዋልም ልትሄድ ነው።»

«አልወጣም!» አለ ጋዝ። «እኔ የስፌት መኪናው ነኝ፤ በአንቺ ማሽን ነገር ምን ቤት ነኝ? ባለቤቴን ጠይቂ።»

ባለቤቱ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል።

«አሰጋኸኝ፣ በሞቴ ጋዝ ስጠኝ!» አለች ትርንጎ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ጋዝ ጨርቅ አላርስ አለ፤ ጨርቅ ቆንጣጭ አልወለውል አለ፤ ቆንጣጭ ፑንታ አልነክስ አለች፤ ላሜራ ልክ አልናገር አለ፤ ፑንታ ስም አልጽፍ አለ፤ ማስተዋልም ልትሄድ ነው!»

«አልሰጥም» አለ አሰጋኸኝ።

«ኧረ በእመቤቴ! ደግሞ አንተ ምን ሆንክ?»

«ያ የጣት ቁመት የሌለው ብረት በተቀየረ ቁጥር ጎንበስ ብለሽ፣ ትንፋሽሽን ውጠሽ ትለኪዋለሽ። እኔ የሚዜውን ሁሉ ሱፍ ሰፋሁ፤ የገዛ ጀርባዬን በየትኛው እጄ ልለካ? ዛሬ ልጅ እድራለሁ፤ ኮቴ ግን የሰው ኮት ይመስላል። አንድ ቀን እንኳ ‹ና ልለካህ› አላልሽኝም። በፑንታ ቀናሁ፣ ትርንጎ! ሰው ይስማ፣ በፑንታ ቀናሁ!»

ሰው ሰማ። እኔ በአጥሩ በኩል ሰማሁና ሳቄ መጣ። ትርንጎ ግን አልሳቀችም።

«ልክህን እኮ በቃሌ አውቀዋለሁ» አለችው።

«የምታውቂው የድሮውን ነው።»

ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ወሰደች። ትከሻውን ለካች። ደረቱን ለካች። ቁጥሩን አየችና እንደገና ለካች። ኮቱን ስታለብሰው ከኋላው ተርፎ ተንጠለጠለ።

«አሰጋኸኝ፣ መቼ ነው እንዲህ የከሳኸው?»

«ማሽኑ ከገባ ወዲህ ራቴን ለብቻዬ ነው የምበላው። ለብቻው የሚበላ ሰው ይጠግባል እንዴ?»

«አፈር ልብላልህ!» አለች ትርንጎ። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የማስተዋልንም ስም፣ የሴትዮዋንም ሻንጣ ለጊዜው ረሳቻቸው። በስፒል ኮቱን ከጀርባው ያዘችለት፤ እሱም አውልቆ በስፒሉ ልክ ሰፋውና መልሶ ለበሰው። ልክክ አለ! በፑንታ የቀና ሰው ያን ጊዜ እንደ ሚዜ ሲንጎራደድ ብታዩት!

አሰጋኸኝ ጋዝ ሰጠ፤ ጋዝ ጨርቅ አራሰ፤ ጨርቅ ቆንጣጭ ወለወለ፤ ቆንጣጭ ፑንታ ነከሰች፤ ፑንታ ወርዶ ላሜራን ነካ፤ ላሜራ ልክ ተናገረ፤ ቀጭኑም ፑንታ ስም ጻፈ። ማ። ስ። ተ። ዋ። ል።

ሙሽራዋ በጣቷ ፊደሉን ተከትላ ሄደች። ከዚያ ሣጥኑን ጭኗ ላይ ይዛ መኪና ገባች፤ ሻንጣው ከኋላ ተጫነ። ትርንጎ ከሠርገኛው መሃል ባሏን ክንዱን ይዛ፣ «ና፣ ራት አብረን እንበላለን» ስትለው በጆሮዬ ሰማኋት።

እኔም ቤቴ ገባሁ፣ ራቴን ለብቻዬ ልበላ። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በዳቦ አብሱልኝ ግን አልልም፣ ዳቦስ አላጣሁም። ሜትር የያዘ ሰው ካገኛችሁ ብቻ፣ በእኔም በር በኩል ይለፍ።